የመርተር ሕዝብ ምርጫ
(በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በአንዲት የዌልስ የኢንዱስትሪ ከተማ)

በታላቂቱ ብሪታንያ ደሴት በምዕራብ በኩል ዌልስ የሚባል አገር አለ። በዚያ አገር በስተደቡብ፣ ታፍ የሚባለው ወንዝ ከተራራ በሚወርድበት ሸለቆ ራስጌ፣ መርተር ቲድፊል የተባለች ከተማ ትገኛለች። የስሟ የመጀመሪያ ቃል ትርጓሜው «ሰማዕት» ነው፤ ቲድፊል የተባለች ቅድስት በአምስተኛው መቶ ዓመት በዚያ ስፍራ ስለ ሃይማኖቷ ተገደለች ተብሎ በትውፊት ይነገራል። ታሪክ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አዛዦች ነው። እኔ ግን በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ላይ ስለ አንዲት ከተማ የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ለመጻፍ የወደድሁበት ምክንያት፣ ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ቢመስልም፣ የሥራ አጥ ልጅ በትምህርት ቤት ምሳ ያገኛል ወይስ አያገኝም፣ ያረጀች መበለትስ በሳምንት ስንት ሺሊንግ ትረዳለች የሚለው ጥያቄ የሚቆረጠው በእንደዚህ ያለው ምርጫ ስለ ነበረ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መርተር የብረት ልጅ ናት። የዳውለስ ብረት ማቅለጫ በ1759፣ የከቫርትፋ ማቅለጫ ደግሞ በ1765 ተቋቋሙ። ሪቻርድ ትሬቪቲክ የተባለው መሐንዲስ የሠራው በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር በ1804 ጭነት እየጎተተ በሐዲድ ላይ የተጓዘው፣ በዚያችው ከተማ ካለው ከፔኒዳረን ማቅለጫ ተነሥቶ ነው። ከተማዪቱ በሕዝብ ብዛት በዌልስ አንደኛ እስከ መሆን ደረሰች፤ ነገር ግን የሚያስተዳድራት የተመረጠ የከተማ ምክር ቤት አልነበራትም። ሥልጣኑ በማቅለጫ ጌቶች እጅ ነበረ። በ1831 ሠራተኞቹ ስለ ደመወዝ መቀነስና ስለ ዕዳ ተቈጥተው ሲነሡ ወታደሮች ተኩሰው ብዙ ሰው ገደሉ፤ ዲክ ፔንደሪን የሚባለውም የ23 ዓመት ጐልማሳ በካርዲፍ ከተማ ተሰቀለ። በ1849 ደግሞ የኮሌራ በሽታ ገብቶ ከሺሕ በላይ ሰው ፈጀ፤ ንጹሕ ውሃና የቆሻሻ መውረጃ ቦይ የሚሠራ አካል አልነበረምና። ከተማነት ይፈቀድልን የሚለው ልመና ደጋግሞ ቀርቦ ደጋግሞ ወደቀ። የተፈቀደውም በ1905 ብቻ ነው። በ1908 ደግሞ ከግላሞርጋን ካውንቲ ተለይታ ራሷን የቻለች «ካውንቲ ቦሮ» ሆነች፤ ይኸውም ትምህርት ቤቱን፣ መንገዱን፣ ጤናውንና ፖሊሱን ከማንም ጋራ ሳትካፈል በራሷ ገንዘብ የምታስተዳድር ማለት ነው። ይህን ማዕርግ አንባቢው እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ የሚመጣው መከራና ክርክር ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነውና።

የመጀመሪያው ከንቲባ ኢኖክ ሞሬል የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ሰው ነበረ፤ በ1924ም የደቡብ ዌልስ የማዕድን ሠራተኞች ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። አባቶቹ በማቅለጫ ጌታ ፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቆሙ የነበሩ ሰው የከንቲባነት ሰንሰለት በአንገቱ ሲያጠልቅ ያየ የመርተር ሕዝብ ምን ተሰምቶት ይሆን? ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የቤቱ ነገር ነው። ክራውሼይ የተባለው የብረት ጌታ በ1825 ገደማ ያሠራውን፣ ከተራራ ሥር የተቀመጠውን የከቫርትፋ ግንብ የከተማው ምክር ቤት ገዝቶ ከፊሉን ቤተ መዘክር አደረገው፤ በ1913 ደግሞ ከፊሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆነ። የማዕድን ቆፋሪ ልጅ ጌታው በኖረበት አዳራሽ ገብቶ ላቲንና አልጀብራ ተማረ።

አሁን ስለ ምርጫው ሥርዐት እናገራለሁ። የከተማ ምክር ቤት ምርጫ በየዓመቱ በኖቬምበር 1 ቀን፣ ማለት በእኛ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ይደረግ ነበር። እያንዳንዱ አባል የሚመረጠው ለሦስት ዓመት ሲሆን በየዓመቱ ከአባሎቹ ሢሶው ወንበሩን ለቆ እንደገና ለሕዝብ ይቀርባል። ስለዚህ በመርተር ምርጫ የሌለበት በልግ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከእነዚህ በላይ ኦልደርማን የሚባሉ የምክር ቤት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ቍጥራቸውም ከሦስት አባል አንድ ነው። እነርሱን ግን የሚመርጣቸው ሕዝቡ ሳይሆን ምክር ቤቱ ራሱ ነው፤ የሚቀመጡትም ለስድስት ዓመት ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ትልቅ ጉድለት ነበረ። አንድ ወገን በሕዝብ ምርጫ ቢሸነፍ እንኳ ቀደም ሲል በሾማቸው ሽማግሌዎች ድምፅ ሥልጣኑን ሊያቈይ ይችል ነበርና።

መራጩስ ማን ነበረ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1918 የወጣው ሕግ ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላ ወንድ ሁሉ ድምፅ ሰጠ ተብሎ ይነገራል። ይህ እውነት የሚሆነው ለፓርላማ ምርጫ ነው። ለከተማ ምክር ቤት ግን ድምፅ የሚሰጠው ቤት ወይም ቦታ በባለቤትነት ወይም በኪራይ የያዘ ሰውና ሚስቱ ነበሩ፤ ሚስትየዋም እስከ 1928 ድረስ 30 ዓመት ካልሞላት በባሏ ቤት ምክንያት መምረጥ አትችልም ነበር። ከአባቱ ቤት የሚኖር የ25 ዓመት ወንድ ልጅ፣ ከነዕቃው የተከራየ ደባል፣ ከወንድሟ ጋራ የምትኖር ያላገባች ሴት፣ እነዚህ ሁሉ ለለንደኑ ፓርላማ ይመርጣሉ፤ ለራሳቸው ከተማ ግን አይመርጡም። ቤት እንደ ልብ በማይገኝባት፣ ያገባ ልጅ እንኳ ከአማቹ ጋራ በሚኖርባት በመርተር ይህ ስንቱን ከምርጫ እንዳስቀረ መገመት አያስቸግርም። ከዚህም በላይ የድኾችን ርዳታ የተቀበለ ሰው ድምፅ የመስጠት መብት በ1918 ቢመለስለትም፣ ራሱ ለምክር ቤት አባልነት ለመወዳደር ግን አይችልም ነበር። እንግዲህ ረኀቡን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ሰው ስለ ረኀብ በሚመክረው ጉባኤ እንዳይቀመጥ ሕግ ከለከለው።

ለወንበር የሚወዳደሩት ሰዎች ንግግርና ሒሳብ የተማሩት ከሁለት ስፍራ ነው፤ አንዱ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ቅርንጫፍ፣ ሁለተኛው የጸሎት ቤት። በዌልስ ሸለቆዎች የባፕቲስት፣ የሜቶዲስትና የኢንዲፔንደንት ጸሎት ቤቶች በየመንገዱ ነበሩ። በእነዚያ ቤቶች ምእመናኑ ፓስተራቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ የመባውን ገንዘብ ራሳቸው ይቈጥራሉ፣ በሰንበት ትምህርት ቤትም ጐልማሳው ሁሉ መጽሐፍ አንብቦ ይከራከራል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን እኛ ይህን ለመረዳት አያዳግተንም፤ በጉባኤ ፊት ቆሞ ያለ ፍርሃት መናገርን የተማርነው የእሑድን ንባብ ተነሥተን ስናነብ ነውና። በከሰል ጕድጓድ ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ጽፎ፣ የግብር ሒሳብ አገላብጦ ለመከራከር የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በነገራችን ላይ፣ በዌልስ በመጀመሪያ የማዕድን ሠራተኞች መታጠቢያ ቤት የተሠራው በ1916 በዚሁ ከተማ ክልል በትሪሃሪስ ነው። የሌላው ጕድጓድ ሠራተኛ ግን በኖቬምበር ጨለማ ከሥራው ሲመለስ፣ ወይ ከነጥላሸቱ ወደ ምርጫው ቦታ መሄድ ነበረበት፣ ወይም ቤቱ ገብቶ ከምድጃ ፊት በበርሜል እስኪታጠብ መቈየት።

በጦርነቱ ጊዜ ተቋርጦ የነበረው ምርጫ በኖቬምበር 1919 ሲጀመር የሠራተኛ ፓርቲ በአገሩ ሁሉ ብዙ ወንበር አገኘ። መርተር ቀድሞም በ1900 ኪር ሃርዲን ወደ ፓርላማ የላከች ከተማ ስለ ሆነች ለዚህ አዲስ አልነበረችም። በአንድ ወገን የሠራተኛ ፓርቲ ሰዎች፣ በሌላው ወገን «ነፃ» ወይም የግብር ከፋዮች ወኪሎች ነን የሚሉ ባለሱቆች፣ ጠበቆችና የቀድሞ ሊበራሎች ተሰለፉ። ክርክሩ ስለ ቤት ሥራ፣ ስለ ሐኪም ቤት፣ ስለ ትምህርት ቤት ምሳ ነበረ። በ1906 የወጣው ሕግ የትምህርት አስተዳዳሪዎች የተራቡ ተማሪዎችን እንዲመግቡ ይፈቅድ ነበር፤ አያስገድድም። ፈቃዱን ሥራ ላይ የሚያውለው እንግዲህ በምርጫ የሚቀመጠው ምክር ቤት ነው። በ1926 የማዕድን ሠራተኞች ከሥራ ተዘግተው ሰባት ወር ያህል ያለ ደመወዝ ሲቀመጡ፣ ለብዙ ቤት የልጆቹ ዋና ምግብ በትምህርት ቤት የሚበላው ነበረ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ክፉ ዘመን ነው። የከቫርትፋ ማቅለጫ በ1919 ተዘግቶ ነበር፤ በ1930 ደግሞ የዳውለስ ዋና ሥራ ቆመ። የከሰል ገበያም ወደቀ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከዐሥር መድን ከነበራቸው የመርተር ወንዶች ሠራተኞች ስድስቱ ያህል ሥራ አልነበራቸውም፤ በዳውለስ ሰፈር ከዚህም ይከፋ ነበር። በ1921 ወደ 80,000 የነበረው ሕዝብ በ1931 ወደ 71,000 ወረደ። ወጣቱ ወደ ስላው፣ ወደ ኦክስፎርድ፣ ወደ ኮቨንትሪ ሥራ ፍለጋ ተሰደደ።

አሁን ወደ ግብሩ ነገር ልግባ፤ የታሪኩ እንብርት ይህ ነውና አንባቢው ይታገሠኝ። የከተማ ምክር ቤት ገቢ የሚያገኘው «ሬት» ከሚባለው የቤት ግብር ነው። የአንድ ቤት የዓመት ኪራይ በግምት 10 ፓውንድ ቢሆንና ሬቱ በፓውንድ 20 ሺሊንግ ቢቈረጥ፣ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ ስለ ሆነ፣ የቤቱ ግብር ሌላ 10 ፓውንድ ይሆናል። በመርተር ሬቱ ከ20 ሺሊንግ በላይ ወጣ፤ እንግዲህ ሰውየው ለቤቱ ኪራይ ከተገመተው የበለጠ ለግብር መክፈል ነበረበት ማለት ነው። በደቡብ እንግሊዝ ያሉት ባለጸጎች ከተሞች የዚህን ግማሽ እንኳ አይከፍሉም ነበር። ይህስ የመጣው የመርተር ምክር ቤት ገንዘብ ስላባከነ ነውን? አይደለም። እስከ 1930 ድረስ ድኾችን የሚረዳው የድኾች ጠባቂዎች ቦርድ የሚባለው ሌላ የተመረጠ አካል ነበረ። በ1929 የወጣው ሕግ ያንን ቦርድ አፍርሶ ሥራውን ለካውንቲዎችና ለካውንቲ ቦሮዎች አስተላለፈ። መርተር ራሷን የቻለች ስለ ሆነች የድኾቿን ሁሉ ሸክም ብቻዋን ተሸከመች። ያው ሕግ ደግሞ ፋብሪካዎችንና የከሰል ጕድጓዶችን ከሬታቸው ከአራቱ ሦስቱን እጅ ማረ፤ መንግሥት በልዋጩ ድጎማ ቢሰጥም ቀሪው ሸክም በመኖሪያ ቤቶችና በሱቆች ላይ ወደቀ። ድኻው ብዙ በሆነ መጠን ርዳታው ይበዛል፤ ርዳታው በበዛ መጠን ግብሩ ይከብዳል፤ ግብሩም ሲከብድ አዲስ ፋብሪካ ወደዚያ አይመጣም። ድኻ ድኻን እንዲረዳ ተፈረደበት።

ባለሱቆቹን እንደ ክፉ ሰዎች አድርገው የሚጽፉ አሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በ1926 ብዙዎቹ ለማዕድን ሠራተኞች በዱቤ እየሰጡ ያቈዩ ናቸው፤ ዱቤውም ለዓመታት ሳይከፈል ቀረ። ደንበኛው ሥራ አጥቶ፣ ግብሩ ከኪራዩ በልጦ፣ ጎረቤቱ ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ ያየ ነጋዴ «ወጪ ይቀነስ» ብሎ ቢወዳደር ስለ ልጆቹ እንጀራ መናገሩ ነው። የሠራተኛ ፓርቲውም ሰው ስለዚያው ነው የሚናገረው። ስለዚህ ምርጫው በሁለት ዐይነት ችጋር መካከል የተደረገ ነበረ።

በ1931 መንግሥት «የገቢ ምርመራ» የሚባለውን ሥርዐት አመጣ። የሥራ አጥነት መድኑ ያለቀበት ሰው ርዳታ ከማግኘቱ በፊት የቤተ ሰቡ ገቢ ሁሉ ይመረመራል፤ ልጁ በሳምንት ጥቂት ሺሊንግ ቢያገኝ ከአባቱ ርዳታ ይቀነሳል። መርማሪው የከተማው ምክር ቤት የሕዝብ ርዳታ ኮሚቴ ነበረ። እስቲ የአንድ የምክር ቤት አባል ኑሮ ይታሰብ! እሑድ በጸሎት ቤት ከጎኑ ተቀምጦ የሚዘምረውን ሰው፣ በኖቬምበር ድምፅ የሰጠውን ሰው፣ ማክሰኞ በኮሚቴ ፊት አቁሞ «ልጅህ ስንት ያገኛል?» ብሎ ይጠይቀዋል። የመርተር ኮሚቴ ምርመራውን ሳያጠብቅ በልግስና ከሚሰጡት ወገን ይቈጠር ነበር። ይህ ደግሞ ያለ አደጋ አልነበረም፤ በ1932 መንግሥት በሮዘራምና በደርሃም ኮሚቴዎቹን «አብዝታችሁ ሰጣችሁ» ብሎ አንሥቶ በምትካቸው የራሱን ሹሞች አስቀመጠ።

በመጨረሻም መንግሥት ሥልጣኑን ከተመረጡት ሰዎች ጨርሶ ወሰደ። በ1934 ሕግ የሥራ አጦች ርዳታ ቦርድ የሚባል በሹመት ብቻ የሚቀመጥ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በጃንዋሪ 1935ም ሥራ ጀመረ። የቦርዱ የርዳታ መጠን በደቡብ ዌልስ ከቀድሞው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሕዝቡ ከዚህ በፊት ቢቈጣ ኖቬምበርን ይጠብቅ ነበር፤ ቦርዱን ግን በየትኛው ኖቬምበር ሊያወርደው ነው? በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1935 በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ፣ ከነዚህም አብዛኞቹ ሴቶች፣ በመርተር ወደ ቦርዱ ቢሮ ሰልፍ ወጡ፤ መስኮቶቹን በድንጋይ ሰበሩ፣ መዝገብም በታተኑ። በማግሥቱ መንግሥት አዲሱን መጠን አገደ። በጦርነት ዘመን ያልነበረ ሰው ድንጋይ መወርወርን አያመሰግንም፣ እኔም አላመሰግንም፤ ነገር ግን ይህ የሆነው የድምፅ መስጫው ሣጥን ከእነዚያ ሴቶች እጅ ከተወሰደ በኋላ መሆኑን ታሪክ ጸሐፊ ሊዘለው አይገባም።

በሠራተኞችም መካከል አንድነት አልነበረም። ኢንዲፔንደንት ሌበር ፓርቲ በ1932 ከሠራተኛ ፓርቲ ተለየ፤ ኮሙኒስቶችም ነበሩ። በጁን 1934 ለፓርላማ በተደረገው የማሟያ ምርጫ የሠራተኛ ፓርቲ፣ የሊበራል፣ የኢንዲፔንደንትና የኮሙኒስት ሰዎች አራት ሆነው ተወዳደሩ፤ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ሰው የነበረውና ከ1931 ጀምሮ የከተማው ምክር ቤት አባል የሆነው ኤስ. ኦ. ዴቪስ አሸነፈ።

አገራችን በጠላት በተወረረችበት በ1935 በዚያው በልግ፣ በመርተር ጉዳይ የተሾመው የንጉሡ ኮሚሲዮን ሐሳቡን አቀረበ። መርተር የካውንቲ ቦሮነት ማዕርጓን ትተው፣ ትልልቆቹ ሥራዎች ወደ ግላሞርጋን ይመለሱ፤ የድኾች ሸክም በሰፊው ካውንቲ ላይ ይከፋፈላል ብሎ ነበር። በቍጥር ሲታይ ትክክል ነው። የሰፊ አገር ትከሻ ከአንዲት ከተማ ትከሻ ይበረታል። ግን በ1831 ደም የፈሰሰበትን፣ በ1849 በኮሌራ የተከፈለውን፣ እስከ 1905 የተለመነውን ራስን የማስተዳደር መብት፣ ከ27 ዓመት በኋላ «ድኻ ሆናችኋልና መልሱ» ሲባል ብዙ ሰው አልዋጥ አለው። እኔ በዚህ ነገር ለብዙ ጊዜ አመነታሁ። በመጀመሪያ የኮሚሲዮኑን ሐሳብ ደግፌ ነበር። አሁን ግን የሚመስለኝ፣ ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት በተሳሳተ ጥያቄ ላይ ነው፤ ሥራ ማጣቱ የመርተር ጥፋት ስላልነበረ ወጪውም የመርተርም የግላሞርጋንም ሳይሆን የመላው መንግሥት መሆን ነበረበት። መንግሥት ሐሳቡን በሕግ ሳያወጣው ቀረ፤ መርተርም ማዕርጓን እስከ 1974 ይዛ ቈየች።

በኖቬምበር 18 ቀን 1936 ንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛ ወደ ዳውለስ መጥቶ የፈረሰውን ማቅለጫ ተመለከተ፤ ለእነዚህ ሰዎች ሥራ እንዲገኝ አንድ ነገር መደረግ አለበት የሚል ቃልም ተናገረ። አንድ ወር ሳይሞላው ግን ዘውዱን ተወ። በ1939 ደግሞ አንድ የጥናት ማኅበር ከተማዪቱ ጨርሳ ትተውና ሕዝቡ ወደ ሌላ ሸለቆ ይዛወር የሚል ሐሳብ አወጣ። ይህን በጋዜጣ ያነበበ የመርተር ግብር ከፋይ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ለምክር ቤቱ ድምፅ ሊሰጥ ይዘጋጅ ነበር፤ ነገር ግን ጦርነት ተነሣና ምርጫ በአገሩ ሁሉ ተቋረጠ።

ምርጫው እንደገና የተደረገው በኖቬምበር 1945 ነው። በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ ለፓርላማ የሚመርጥ ሰው ሁሉ ለከተማውም እንዲመርጥ ተፈቀደ። በአባታቸው ቤት የሚኖሩት ልጆች፣ ደባሎቹና ያላገቡት ሴቶች፣ ከስደትና ከጦር ሜዳ የተመለሱት፣ በከተማቸው ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፉ። በዚያ ጊዜ የከንቲባነቱን ሰንሰለት ያጠለቀው ኤስ. ኦ. ዴቪስ ነበረ።